ሦስት ምክር

በዚያ ትምህርት ቤት «ተመከረ» ማለት ተቀጣ ማለት ነበር። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ብቻ አንድ ተማሪ አርፍዶ በር ላይ ሲያዝ፣ ወይም ክፍል ውስጥ ማስቲካ ሲያኝክ ሲገኝ፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ ከስሙ ትይዩ «ምክር» ብሎ ይጽፋል። አንደኛ ምክር፣ ሁለተኛ ምክር፣ ሦስተኛ ምክር። ሦስተኛው ሲሞላ ወላጅ ይጠራል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ተማሪውም ዓመቱን ቤቱ ይከርማል። ከኃላፊው ወንበር በላይ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል ጽሑፍ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ ሰውየውን ፊሽካ ይሉታል፤ እንቅልፍ ላይም ቢሆን ፊሽካው ካንገቱ አይወልቅም ተብሎ ይታማል።

አማካሪዋ የመጣችው በዚህ ቋንቋ መሀል ነው። ወጣት ናት፣ ለቦታው እንግዳ ናት፣ ቃሉ በዚያ ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ስም እንዳወጣ የነገራት የለም። የጠመኔና የመጥረጊያ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ክፍል ሰጧት። ጠረገቻት፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን አስቀመጠች፣ በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» ብላ ለጠፈች። ተማሪው ጽሑፉን አየና በሌላኛው ደረጃ መዞር ጀመረ። በገዛ እግሩ ሄዶ «ቅጡኝ» የሚል ማን አለ?

አንዲት ግን ገባች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ምላሷ ስለሚቆርጥ ምላጭ ይሏታል። መምህር ሲሳሳት ታርማለች፣ ስታርምም «ይቅርታ» አትልም። ይቺው ምላጭ ማንም ሳይጠራት ሦስት ጊዜ ወደዚያች ክፍል ገባች። አማካሪዋም በወሩ መጨረሻ ለጽሕፈት ቤቱ በምትልከው ቅጽ ላይ፣ «የተሰጠ አገልግሎት» በሚለው ሥር፣ ሦስት ጊዜ «ምክር» ብላ ጻፈች። ሌላ ምን ትጻፍ? ቅጹ እጁ የገባው ፊሽካ ደግሞ ሦስቱን ምክር እንዳሉ ወደ ራሱ መዝገብ ገለበጣቸው። ሌላ ምን ያድርግ? ሦስት ሲሞላ ለወላጅ ደብዳቤ ጻፈ።

ደብዳቤው የጠራው ለዛሬ አራት ሰዓት ነው። ምላጭ ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ በርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። የመልቀቂያ ፈተና ምዝገባ የሚዘጋው አርብ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ዛሬ ከታገደች ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ አንድ ዓመት ማለት ያ ነው። ሬዲዮ የሚሏት የወንበር ጓደኛዋ ሽንት ቤት ብላ አስፈቅዳ መጥታ አጠገቧ ተወሸቀች።

«አላልኩሽም?» አለች ሬዲዮ።

«ብለሽኛል።»

«ያቺ ክፍል ወጥመድ ናት አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል አልኩሽ እኮ። ሌላ ዜና የለሽም?»

«አለኝ እንጂ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል። እነዚያ ከኋላ ያሉት አማካሪዋ ሰላይ ናት፣ እያባበለች ምስጢር አውጥታ ለፊሽካ ትሸጣለች ይላሉ። ከፊት ያሉት ደግሞ ምስኪን ናት፣ እሷን ራሷን ነው ፊሽካ የበላት ይላሉ። ያቺ ዓይን አፋሯ አለች አይደል፣ መስኮት ስር የምትቀመጠው? ሰኞ ልትገባ አስባ ነበር አሉ። አሁን ብሞት አልገባም ብላለች።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ሬዲዮ ነኝ፣ የሰማሁትን ነው የማስተላልፈው» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ለምን ገባሽ? ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ።»

«ለአንቺ ከምነግር ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ ብናገር ይሻለኝ ነበር።»

ሬዲዮ ሳቀች፤ ተቀይማም ነው የሳቀችው። ከደረጃው ሥር የሰው ኮቴ ሲሰማ ተነሥታ ሮጠች።

የመጣው የምላጭ አባት ነው። ሰማያዊ የሥራ ቱታውን ለብሷል፣ ኪሱ ላይ የፋብሪካው ዓርማ አለ። በያጅ ነው፤ ብረት ከብረት ሲያጣብቅ ሃያ ዓመት ኖሯል። ልጅ ሆና አባቷን የምታውቀው በእጁ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር የማይለቅ ጥቁር፣ አንጓው ላይ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ነጠብጣቦች፣ ማታ ማታ የሚቀላ ዓይን። ከአራት ወር በፊት ግን ዓይኑ ነጣ። ጥፍሩም እየጸዳ መጣ። እናቷ «አባትሽ ደግሞ በስተርጅና መታጠብ ለመደልሽ» ብላ ቀልዳ አለፈችው። ምላጭ አልቀለደችም። የሚያይ ዓይን መርገም ነው፤ አንዴ ካየ መልሶ አላየሁም አይልም።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ግቢው ውስጥ ውኃ ጠፍቶ በግማሽ ቀን ተለቀቁ። በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ስታቋርጥ አባቷን አየችው። ሻንጣና ጆንያ ከያዙ መንገደኞች መሀል፣ በሥራ ልብሱ፣ ምሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አንድ አውቶቡስ ሞልቶ ወጣ፣ ሌላ ገባ፣ ሞልቶ ወጣ። አባቷ አልተነሣም። ከቆመ አውቶቡስ ጀርባ ተደብቃ ሰዓት ያህል ቆመች። ማታ በሰዓቱ ቤት ገባ፣ እናቷ «ሥራ እንዴት ዋለ?» አለችው፣ «ደህና ነው፣ ትንሽ በዛ» አላት።

ይህን ነው ወደ አማካሪዋ ይዛ የሄደችው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ቃል ሳይወጣት አልቅሳ ወጣች፤ እሷ፣ ምላጭ። በሁለተኛው ተናገረች። በሦስተኛው ለአባቷ እንዴት አድርጋ እንደምትነግረው ሁለቱ ቁጭ ብለው ቃል ሲመርጡ ዋሉ፣ የሚሆን ቃል ግን አላገኙም። አማካሪዋ አንድ ነገር ብላታለች፤ «ካልፈቀድሽ ከዚህ በር አይወጣም።»

«አባዬ» አለች ምላጭ ከአግዳሚው ተነሥታ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፣ ይልቅ ግራ መጋባት ነበር። «ለእናትሽ አልነገርኳትም። ከሥራ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት፣ ቶሎ መመለስ አለብኝ።»

ምላጭ መሬት መሬት አየች።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰው አለ። ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም፣ የሚፈሩትም ለዚያ ነው። በቀኛቸው ፊሽካ መዝገቡን ታቅፏል። በግራቸው አማካሪዋ እጇን እያፍተለተለች ነው።

«አባት፣ ይቀመጡ» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

«ልጅዎ ሦስት ጊዜ ተመክራለች» አለ ፊሽካ ሰውየው ወንበሩን ሳያመቻች።

«ምን አጥፍታ?»

«እሱን ለማወቅ ነው የተሰበሰብነው።»

አባትየው ሦስቱንም ተራ በተራ አየ። «ሦስት ጊዜ መክራችሁ ጥፋቱን አታውቁትም?»

ርዕሰ መምህርቷ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ። አማካሪዋ ወደ ፊት ተሳበች። «ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እኔ የጻፍኩት ምክር የእሳቸው ምክር አይደለም። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ራሷ ናት ልታነጋግረኝ የመጣችው።»

«ካላጠፋች ለምን ትመከራለች?» አለ ፊሽካ።

«ሰው ሳያጠፋም ይመከራል።»

«የትኛው ሰው?»

ከልቡ ነው የጠየቀው። አሥራ ስድስት ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳያጠፋ የተመከረ አንድም ተማሪ አላጋጠመውም።

«እንግዲያው ቀላል ነው» አሉ ርዕሰ መምህርቷ። «ለምን እንደመጣች ይንገሩንና ነገሩ ይዘጋ።»

«አልችልም» አለች አማካሪዋ። ፊቷ ቀላ። «አይወጣም ብያታለሁ።»

«ለእኔም?»

«ለእርስዎም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛሬ እዚህ ከተናገርኩ ነገ ያቺን በር የሚያንኳኳ ተማሪ አይኖርም። አሁንም ያን ያህል የሚያንኳኳ የለም።»

ፊሽካ ገጽ ገለጠ። የጠበቀው እዚህ እስኪደረስ ነበር። «የመጀመሪያዋ ምክር ባለፈው ወር ረቡዕ ቀን ነው። ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያ ስዕል የተገኘው ደግሞ ሰኞ። ሰኞ አጠፋች፣ ማክሰኞ ጨነቃት፣ ረቡዕ ሄዳ ተናዘዘች። እኔ እንደዚህ ነው የማነበው።»

ስለ ስዕሉ ማብራሪያ የጠየቀ የለም። ፂም ያለው ትልቅ ፊሽካ ነበር፣ በከሰል የተሳለ፣ ጉንጩን የነፋ። ግቢው በሙሉ ተራ በተራ ሄዶ አይቶታል። ርዕሰ መምህርቷ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«እሷ አይደለችም» አለች አማካሪዋ።

«እንግዲያው ምንድነው?»

«አልናገርም።»

«ይኸው» አለ ፊሽካ። «ንጹሕ ነገር ይህን ያህል አይደበቅም።»

አባትየው ወንበሩን ወደ ልጁ አዞረ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ንጹሕ እጅ ነው፣ የጸሐፊ እጅ ይመስላል። «የኔ ልጅ» አላት። «ተናገሪ። እኔን አትፍሪ። ምንም ይሁን ምን አባትሽ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ውሸት የለም፣ አይደል?»

ለመምህር፣ ለዘበኛ፣ ለመንገደኛ መልስ አጥቶ የማያውቅ የምላጭ ምላስ ላንቃዋ ላይ ተለጠፈ። እውነቱን ብትል አርብ ትመዘገባለች፤ አባቷ ግን በዚህ ቱታ፣ በዚህ ሰው ፊት፣ «ከሥራ አስፈቅጄ ነው» ባለ በሩብ ሰዓቱ ራቁቱን ይቀራል። ዝም ብትል ዝምታዋ ጥፋት ሆኖ ይጻፋል። የሆነ ጥፋት መኖር አለበት። ትንሽ፣ አባቷ ማታ ተቆጥቶ የሚረሳው ዓይነት።

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አለች።

«ውሸት ነው» አለች አማካሪዋ ወዲያው። ወደ ልጅቷ ዞረች። «ለምን እንዲህ ትያለሽ?»

«ቲቸር፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ይበሉልኝ።»

ፊሽካ እስክሪብቶውን አወጣ። «በቃ፣ አምናለች። እንጻፍና እንፈራረም። አባት፣ እርስዎ እዚህ ጋ።»

አባትየው አልተነሣም። ርዕሰ መምህርቷም አልተነሡም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ ከመሳቢያቸው አንድ ባዶ ወረቀት መዘው እርሳስ ጨምረው በጠረጴዛው ላይ ወደ ምላጭ ገፋ አደረጉት።

«ሳይው» አሏት።

«አሁን?»

«አሁን። ግድግዳ ላይ የሳለ ሰው ወረቀት አይከብደውም።»

ምላጭ በሕይወቷ የሳለችው ቢኖር የባዮሎጂ ሴል ነው፣ እሱንም ከሬዲዮ ገልብጣ። እርሳሱን ያዘች። አንድ ክብ አደረገች፣ ከክቡ አፍ የሚመስል ነገር አወጣች፣ ላዩ ላይ ፂም ጨመረች። ፂሙ የጫማ ማሰሪያ መሰለ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይሄ ጫማ ነው» አለ ፊሽካ።

ሳያስበው ነው ያመለጠው። የግድግዳውን ስዕል እስኪጠፋ ሦስት ቀን ቆሞ ያየው እሱ ነው፤ መስመሩን አንድ በአንድ ያውቀዋል። «ያኛው እኮ...» አለና አቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጨረሰው። «ያኛው ቢያንስ ይመስል ነበር።»

በሌላ ቀን ቢሆን ምላጭ በዚህ ቃል አንድ ወር ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ፂሙን ለማቃናት ሞከረች።

«ያላደረግሽውን አደረግሁ ካልሽ እንደምትታገጂ ታውቂያለሽ?» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

«አውቃለሁ።»

«ምዝገባው አርብ እንደሚዘጋስ?»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና እንዳልኩት ነው። እኔ ነኝ።»

ከውጭ የስፖርት መምህሩ ሲቆጥር ይሰማል፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። አባትየው ስዕሉን አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ፤ ከዚያ ልጁ ምን እያየች እንደሆነ አየ። እጁን ነበር የምታየው። ቀስ ብሎ ጣቶቹን አጠፈ።

«ረቡዕ ነው ያላችሁት?» አለ።

«ረቡዕ» አለ ፊሽካ።

«ከዚያ በፊት ያለው ማክሰኞ ልጆቹ በግማሽ ቀን ነው የተለቀቁት? ውኃ ጠፍቶ?»

«አዎ፣ ምነው?»

አባትየው በዚያ ማክሰኞ ከአውቶቡስ ኋላ የዩኒፎርም ሹራብ አይቶ ነበር። አንዲት ተማሪ ናት ብሎ አለፈው። ስንት ተማሪ አለ። ማታ ልጁ ራት አልበላም ስትል እንኳ ስንት ተማሪ አለ ብሎ ራሱን አሳመነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ዓይንም አንዳንዴ እንደዚያው ነው።

«ልጄ የመጣችው ስለ እኔ ነው» አለ።

«አባዬ...»

«ቆይ አንቺ።» ድምፁ አልተሰበረም፣ ግን እንደ ጋለ ብረት በጥንቃቄ ነው የያዘው። «የቤቴ ጉዳይ ነው። ጥፋት ካለበት የእኔ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ እሷንም አትጠይቁብኝ። መዝገባችሁ ሰው ካልጻፈ የማይሆንለት እንደሆነ የእኔን ስም ጻፉና እኔን ምከሩኝ። እሷን ግን ፋቁልኝ።»

«ወላጅ አይመዘገብም» አለ ፊሽካ። «ቦታ የለውም።»

አማካሪዋ እጇን ዘረጋች። «መዝገቡን አንዴ ያሳዩኝ።» እምቢ ሊል ነበር፣ የርዕሰ መምህርቷን ዓይን አየና ሰጣት። ገጹን በጣቷ ተከተለች። «ይህን ዓምድ ያንብቡልኝ እስቲ። የጥፋቱ ዓይነት ይላል። ከሷ ስም ትይዩ ምን ተጽፏል?»

ፊሽካ አጎነበሰ። «ባዶ ነው።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። ቅጽሽ ላይ ጥፋት አልጻፍሽማ። ረስታ ነው ብዬ...»

«አልረሳሁም። አልነበረም።»

ርዕሰ መምህርቷ ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። ሦስቱን መስመር በማስመሪያ ሰረዙ፣ ከጎናቸው ፈረሙ፣ ቀኑን ጻፉ። «አርብ ትመዘገባለች» አሉ። ከዚያ ለአማካሪዋ፣ «አንቺ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቃል ፈልጊ። ሁለት መዝገብ በአንድ ቃል አይሄድም።»

«ምን ልበለው?» አለች አማካሪዋ።

የምላጭ ምላስ ከላንቃዋ የተላቀቀው በዚህ ጊዜ ነው። «እሷ ለምን ትቀይራለች? ቃሉ መጀመሪያም የእሷ ነው። ያበላሹት የሥነ ሥርዓት ኃላፊው ናቸው፣ እሳቸው ይቀይሩ። ቅጣት የሚባል ደህና ቃል አለ፣ ማንም እየተጠቀመበት አይደለም።»

«ሰምታችኋል?» አለ ፊሽካ። እስክሪብቶው እንደተከፈተ ነበር። «በኮሚቴ ፊት፣ ለኃላፊ መመለስ። የጥፋቱ ዓይነት፣ ተጽፏል። አንደኛ ምክር።»

ምላጭ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ዞረች። እሳቸው መነጽራቸውን እያጸዱ ነበር።

«ይቺኛዋ የራስሽ ናት» አሏት።

አባትና ልጅ ደረጃውን ወረዱ። ከጠመኔው ክፍል ፊት መስኮት ስር የምትቀመጠው ዓይን አፋር ልጅ ቆማለች፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም። ምላጭ ስታልፍ «ይጻፋል እንዴ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ይጻፋል» አለቻት ምላጭ። ልትዋሻት አልፈለገችም። «የት እንደምትጽፈው ግን ዛሬ ጠይቂያት። ከዛሬ ጀምሮ መልስ ያላት ይመስለኛል።»

በግቢው መሀል አባቷ ቆመ። «እናትሽ ታውቃለች?»

«ከእኔ አልሰማችም።»

«አንቺ ከመቼ ጀምሮ...»

«ጥፍርህ ከጸዳ ጀምሮ።»

ጣቶቹን እንደገና አጠፋቸው፤ ከዚያ ምን ዋጋ አለው ብሎ ነው መሰል ዘረጋቸው። «አንድ ሳምንት ነው ብዬ ነበር» አለ። «አንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ አገኛለሁ፣ ለምን ላስደንግጣት ብዬ። ሳምንት ሳምንትን ወለደ። በኋላማ ልናገር ስል ከሥራ መውጣቴን ብቻ ሳይሆን መዋሸቴንም መናገር ሆነብኝ፣ ሁለት ሆነ።»

«ለምን መናኸሪያ?»

«እዚያ ቁጭ ያለን ሰው ለምን ተቀመጥክ የሚለው የለም።»

ምላጭ የምትለው ብዙ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአማካሪዋ ጋር ሲያነሡ ሲጥሉ የዋሉት ቃል ሁሉ አፏ ላይ ነበር፣ አንዱም አላስፈለገም። እስከ በሩ ድረስ አብራው ሄደች። ዘበኛው የመውጫ ወረቀቱን ተቀብሎ ቱታውን ከላይ እስከ ታች አየ።

«ወደ ሥራ ነው አይደል ጋሼ? በዚህ በኩል ታክሲ ቶሎ አያገኙም፣ በዋናው ይውጡ።»

አባትየው ወደ ዋናው መንገድ አየ። አራት ወር ሙሉ የሄደበት ነው፤ ወደ ፋብሪካዎቹም ወደ መናኸሪያውም የሚወስደው እሱ ነው።

«ሥራ የለኝም» አለ። ለማንም ብሎት አያውቅም፣ መጀመሪያ የሰማው ዘበኛው ሆነ። «ቤቴ ነው የምሄደው።»

ዘበኛው ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጠፈው። አባትየው ጠባቡን መንገድ ይዞ ወረደ። ከአምስት ሰዓት ትንሽ አልፏል። በሥራ ቀን በዚህ ሰዓት ቤታቸው ገብቶ አያውቅም፤ በሩን ሲያንኳኳ እናቷ ደንግጣ እንደምትከፍት ምላጭ ታውቃለች። እጥፋቱ ጋ እስኪሰወር ቆመች። ዘበኛው «ነይ ግቢ የኔ ልጅ፣ በሩን ልዝጋ» ሲላት ነው የተመለሰችው።